አክተሩም ይሞታል

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ሙታን ነው። ኧረ አትደንግጡ! እውነተኞቹን ሙታንማ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ የምላችሁ ፊታቸውን ዱቄት ተቀብተው፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ የሰው ሥጋ ፍለጋ ስለሚንከራተቱት የፊልም ሙታን ነው። ዞምቢ ስለሚባሉት።

«ወሬ ጠፋ እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እጮኛዬም ያለችኝ ይህንኑ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ እሷ የፍቅር ፊልም ስትጠብቅ እኔ ከፍላሽ ላይ ዞምቢ ከፈትኩላት። አሥር ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ካየች በኋላ «ይሄ ሰውዬ ሞቷል ካልከኝ ለምንድነው የእጅ ሰዓት ያሰረው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶህ...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

የዋጠችውን እኔ ልናገረው። በዚህ ዕድሜዬ ርካሽ የዞምቢ ፊልም ማየት አላቆምኩም። ለምን እንዳላቆምኩ ግን ለእሷም ሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ። ነገሩ በሳቅ ይጀምርና ወደ ኑዛዜ ይሄዳል።

ሃምሳ ሳንቲምና አንድ አግዳሚ

ተወልጄ ያደግኩት ሜክሲኮ ነው። አገሩን ማለቴ አይደለም፤ አደባባዩን ነው። ዛሬ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ ካለበት፣ የጀሞና የአየር ጤና ወያላዎች ጉሮሯቸው እስኪነቃ ከሚጮሁበት ቦታ ወደ ልደታ ገባ ሲባል የቀበሌ ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙበት መንደር ነበር። እዚያ መንደር ውስጥ ነበር ቪዲዮ ቤታችን።

ቪዲዮ ቤት ያላያችሁ ልጆች ካላችሁ ልንገራችሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ መጋረጃው የማዳበሪያ ጆንያ፣ መቀመጫው አግዳሚ ነው። ከፊት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ቆሟል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። በሩ ላይ በጠመኔ «8 ሰዓት አክሽን፣ 10 ሰዓት አስፈሪ፣ ልብ ድካም ያለበት አይገባም!» ተብሎ ይጻፋል። ልብ ድካም ያለበትስ ይቅርና፣ የማይገባው ሃምሳ ሳንቲም የሌለው ነበር።

ከፊት አግዳሚ ላይ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይቀመጣል። እሱ በነፃ ይገባል፤ በምትኩ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ይተረጉምልናል። ዛሬ ሳስበው ግማሹን ከራሱ ነበር የሚፈጥረው። ዞምቢው «ኧኧኧ...» ሲል እንኳ «ርቦኛል እያለ ነው» ብሎ ይተረጉም ነበር! በኡጋንዳ ይህ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ተርጓሚዎቹ «ቪጄ» ይባላሉ፤ ስማቸው ከፊልሙ ተዋንያን በላይ የሚታወቅም አለ። የእኛው ግን ክፍያው አግዳሚዋ ብቻ ነበረች።

ቪዲዮ ቤቱ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው፤ «አክተር አይሞትም።» በእኛ ቋንቋ አክተር ማለት ተዋናይ ሁሉ ማለት አይደለም። ዋናው ሰውዬ ብቻ ነው። ጥይት እንደ ዝናብ ቢዘንብ፣ ዞምቢ መንደሩን ቢሞላው፣ አክተር አይሞትም። በዚህ ሕግ ላይ ተማምነን ነበር የምንፈራው።

እስቲ ጉድለታቸውን

እንግዲህ ወዳጅም ቢሆን ጉድለቱ ይነገራል። ርካሽ የዞምቢ ፊልም ጉድለቱ ተቆጥሮ አያልቅም። ሰዎቹ በእኩለ ቀን ቤት ይገቡና በዚያው ቅጽበት ሲወጡ ውጪው ጨልሟል። መኪናው ሁልጊዜ አይነሳም። ልጅቷ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ እየሮጠች ትወድቃለች። ዞምቢው እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ፣ በሩጫ የሚያመልጠውን ሰው እንዴት እንደሚደርስበት ፈጣሪ ይወቀው።

ወሬ ደግሞ ይበዛል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም አንዱን ሰዓት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ሲጨቃጨቁ ታያላችሁ። ምክንያቱን በኋላ ነው የደረስኩበት። ዞምቢ ሜካፕ ይፈልጋል፤ ሜካፕ ገንዘብ ይፈልጋል። ጭቅጭቅ ግን በነፃ ነው! ባልና ሚስት ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከዚህ የከፋም ጉድለት አላቸው። የዞምቢ ነገር መነሻው ሄይቲ ነው። በሄይቲ ሰዎች እምነት ዞምቢ ማለት ከመቃብር ተነስቶ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው የሚሠራ ሙት ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት አልቀዋል። የባሪያ ትልቁ ፍርሃት ሞት አይደለም፤ ሞቶም አለማረፍ ነው። አሜሪካ ከ1915 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ሄይቲን በጦር ኃይል ይዛ በነበረበት ዘመን ተረቱ ወደ ሆሊውድ ተሻገረና በ1932 እ.ኤ.አ. «ዋይት ዞምቢ» የሚባለው ፊልም ተሠራ። እዚያ ፊልም ላይ ሙታኑ የስኳር ወፍጮ ሲያዞሩ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት ርካሽ ፊልሞች አብዛኞቹ ከበሮውን ወሰዱና ሕመሙን ጣሉት። የተበደለው ሰው ታሪክ የማስፈራሪያ ጭምብል ሆነ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ምናቸው ይወደዳል?

የሚወደደው ስፌታቸው መታየቱ ነው። ውድ ፊልም ሲያስፈራችሁ ያታልላችኋል። ርካሽ ፊልም ግን እያስፈራችሁ «እኔኮ እንዲህ ተደርጌ ነው የተሠራሁት» ብሎ ይነግራችኋል።

የሁሉም አባት የሆነውን ልንገራችሁ። ጆርጅ ሮሜሮ የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተባለውን ፊልም ሠራ። በ1968 እ.ኤ.አ. ታየ። ወጪው 114 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፤ ለሆሊውድ የሻይ ገንዘብ ማለት ነው። ቀረጻው በጥቁርና ነጭ ስለነበረ ለደም የተጠቀሙት የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሙታኑ የሚበሉትን አንጀትና ሥጋ ያመጣላቸው በገንዘብ ከደገፏቸው ሰዎች አንዱ የሆነ ሥጋ ሻጭ ነው። ቤቱ ደግሞ ሊፈርስ የተወሰነበት የገበሬ ቤት ስለነበረ በሩንም መስኮቱንም እንደ ልባቸው ሰባበሩት።

አሁን ጉዱን ስሙ። ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ስም ነበረው። አከፋፋዩ ስሙን ሲቀይር የባለመብትነት ማስታወቂያው ከፊልሙ ላይ ቀረ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ማስታወቂያው ከሌለ መብት የለም። እናም ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ጀንበር የማንም ሆነ! ማንም ሰው ያለ ክፍያ ቢያባዛው አይከሰስም። ሠሪዎቹ ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን ብዙ ገንዘብ አጡ፤ ፊልሙ ግን ዓለምን ዞረ። ዞሮ ዞሮ «አሥር በአንድ» በምንላቸው የዲቪዲ ዲስኮች ላይ ከዘጠኝ ሌሎች ፊልሞች ጋር ታጭቆ ሜክሲኮ፣ እኛ ጭቃ ቤት ድረስ መጣ።

ሌሎችም አሉ። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የጣሊያናዊው ሉቺዮ ፉልቺ ፊልም ላይ ዞምቢ ከባሕር በታች ከሻርክ ጋር ይታገላል። ሻርኩ እውነተኛ ነው! ሜክሲኮዎች ደግሞ (አሁን አገሩን ነው የምላችሁ) በ1962 እ.ኤ.አ. ሳንቶ የሚባለውን ባለ ብርማ ጭምብል ነፃ ትግል ተጋጣሚያቸውን ከዞምቢ ጋር አጋጥመውታል። ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን በመንግሥታት ማኅበር ከጎናችን ከቆሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ ለዚህም አደባባያችን በስሟ ተጠራ፤ እነሱም በዋና ከተማቸው «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይና የባቡር ጣቢያ አላቸው። የሳንቶን ፊልም ባየሁ ቁጥር የሰፈር ልጅ ያሸነፈ ይመስለኛል።

በ2008 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ማርክ ፕራይስ «ኮሊን» የተሰኘውን ፊልም በ45 ፓውንድ ገደማ ሠርቷል። ታሪኩ የሚነገረው በዞምቢው በራሱ በኩል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓኖች በ3 ሚሊዮን የን፣ ማለትም 25 ሺህ ዶላር ገደማ «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ»ን ሠሩ። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ያለማቋረጥ በአንድ ቀረጻ የተሠሩ ናቸው፤ ስታዩዋቸው «ምን ዓይነት የማይረባ ፊልም ነው!» ትላላችሁ። ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ይመለስና እያንዳንዱ ስህተት ለምን እንደተፈጠረ ያሳያችኋል። ማን ታሞ እንደነበር፣ ማን ሰክሮ እንደነበር፣ ማን ለማን ሲል እንደተዋረደ። መጀመሪያ የሳቃችሁበትን ሰው በመጨረሻ ታከብሩታላችሁ። ይህ ፊልም ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ወደ እኛ ስመጣ፣ ሲኒማ ገብቼ ያየኋቸው የአማርኛ ፊልሞች ፍቅርና ኮሜዲ ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ የቀረበ ሆኖ ያገኘሁት በ2015 እ.ኤ.አ. የታየውን «ክረምስ» ነው። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ፣ ዋና ተዋናዩ የእኛው ዳንኤል ታደሰ ነው። ዞምቢ የለበትም። ዓለም ካለቀች በኋላ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚከበርበት ጊዜ ነው። በየሱቁ ተንጠልጥሎ የምናየው ዕቃ እዚያ ሲታይ ዋጋው ሰማይ ነው። በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ነገር ማሰብ እንደሚቻል እሱም ምስክር ነው።

መብራት የጠፋ ማታ

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። መብራት በፈረቃ የነበረበት ጊዜ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አራት ሆነን ቪዲዮ ቤት ገባን። ባለቪዲዮው ዲስኩን ሲከፍት ቀለም የሌለው ፊልም ሆነ። «ሃምሳ ሳንቲማችን!» ብለን አጉረመረምን። ኋላ ግን አክተሩ ብቅ አለ። ጥቁር ነው! ቤቱ በፉጨት ተናጋ። ሰውዬው ፍርሃት የማያውቅ ነው። ሌሎቹ ሲያለቃቅሱ እሱ ሳንቃ እየፈለገ በሩን ይቸነክራል፣ መስኮቱን ይደፍናል። ሙታኑ ግን በዙ። እጃቸውን በሳንቃው መሃል አሾለኩ፤ በሩ መሰንጠቅ ጀመረ...

ጭልም! መብራት ሄደ።

«ገንዘብ አይመለስም!» አለ ባለቪዲዮው በጨለማ።

ወጣን። መንደሩ ድቅድቅ ብሏል። አሁን ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ከግቢያችን ጀርባ ሸክላ የሚሸጡ አንዲት እትዬ ነበሩ። ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን ከቀጨኔ እያመጡ በራቸው ላይ ደርድረው ይሸጣሉ። ሰፈሩ ስለ እሳቸው በሹክሹክታ የሚለውን አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። «ቡዳ ናቸው» ይባሉ ነበር። ሲያልፉ እናቶች የልጃቸውን ፊት ይሸፍናሉ። በእሳቸው ጀበና ቡና ያፈላሉ፤ ከእሳቸው ጋር ግን ቁጭ ብለው ቡና አይጠጡም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች፣ በየአገሩም ያሉ ባለእጆች፣ ይህን ስድብ ሲሸከሙ ኖረዋል።

ከመካከላችን አንዱ አያቱ የነገሩትን ተረት ያውቃል። ቡዳ የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ በሌሊት ከመቃብር ያወጣዋል፤ አስነስቶም ቤቱ ወስዶ ያሠራዋል። ሙቱ ያያል፣ መናገር ግን አይችልም። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ባለቤቱ በአርጩሜ ቸብ ያደርገውና ዕቃ ያደርገዋል። «እንስራ ያደርገዋል» አለን ልጁ፤ በጨለማ፤ ያን ፊልም አይተን በወጣንበት ሰዓት! «እንስራው ከተሰበረ ሰውየው ነፃ ይወጣል።»

ከአራታችን ትንሹ ልጅ «ተዉ፣ የእትዬ ንግድ ነው» አለ። ማንም አልሰማውም። እኛኮ አክተር ነን! የተያዙትን ልናስፈታ ነው!

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወርኩት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

እንስራው ሲፈርጥ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ሁለቱ ተከተሉኝ። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ... ገል በገል ሆነ። ከውስጡ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። የወጣ ሰው ቢኖር በሩን ከፍተው ሻማ ይዘው የወጡት እትዬ ብቻ ናቸው። «ማነው? ኧረ ማነው?» አሉ። እግሬ አውጪኝ አልን። ትንሹ ልጅ ግን አልሮጠም። ለምን ይሮጣል? ምንም አላደረገማ! ስለዚህ የተያዘው እሱ ሆነ።

አባቱ በቀበቶ ገረፉት። ሸክላውን ቤተሰቡ በየወሩ ከፈለ። ቪዲዮ ቤት እግሩ እንዳይረግጥ ተከለከለ። እናቴ «አንተስ የት ነበርክ?» ስትለኝ «ሽንት ቤት» አልኳት። ልጁ የማንንም ስም አላወጣም። እኔም አፌን ዘጋሁ። በማግስቱ ከእሱ ጋር ብይ ተጫወትኩ፤ ያውም አሸነፍኩት።

መጨረሻው

ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ሰዉ ጀሞ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ተበተነ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ አንድ ሱቅ ተቀጠርኩ። በ2011 ዓ.ም. አንድ ማታ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳስስ ያን ፊልም አገኘሁት። ሱቁን ዘግቼ መጨረሻውን አየሁ።

ያ ጥቁር ሰውዬ ሌሊቱን ይተርፋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ሲያልቅ እሱ ብቻ ምድር ቤት ገብቶ ያነጋል። ሲነጋ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሙታኑን እያደኑ ይመጣሉ። ድምፅ ሲሰማ ቀስ ብሎ በመስኮት ብቅ ይላል። ሰዎቹ ከሩቅ ያዩታል። አይጠሩትም። አይጠይቁትም። «ይኸው አንዱ» ብለው ግንባሩን ይሉታል። ሬሳውን በመንጠቆ ጎትተው ከሙታኑ ጋር ያቃጥሉታል። አለቀ።

አክተሩ ሞተ! ያውም ከሙታን ተርፎ በሕያዋን እጅ!

ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ልጅ ሆኜ ራሴን የማየው በአክተሩ ቦታ ነበር። ያን ማታ ግን የቆምኩበትን ቦታ አወቅኩት፤ ጠመንጃ ከያዙት ጋር ነበርኩ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይህ ነው። የሄይቲው ተረትና የእኛው የቡዳ ተረት እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ውስጥ ሙት ተነስቶ በግድ ይሠራል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እዚያ ተረቱ የተገፋው ሰው ጌታውን የሚከስበት ነው። እዚህ ግን እኛ የተገፋውን ሰው የምንከስበት ሆነ። በእጁ ሠርቶ የሚያበላንን ሰው «በላን» አልነው።

ከገባኝ በኋላ ወዲያው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ስድስት ዓመት ቆየሁ። ስንፍናም ፍርሃትም ነው። ባለፈው ዓመት የድሮ ሰፈራችን ሰው አርፈው ጀሞ ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ እትዬን አየኋቸው። አርጅተዋል። ጠጋ ብዬ፣

«እትዬ፣ ያኔ መብራት ጠፍቶ ሸክላዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ያ ትንሹ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። እሱ ተዉ ያለን ነው።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እኔኮ አባቱ ሲገርፈው ይበለው ብዬ ቆሜ አየሁ። ስንት ዓመት በልቤ ይዤው ኖርኩ። እኔንም ሰው ባላደረግኩት ነገር ነበር የሚያማኝ... እኔም በልጁ ላይ ያንኑ አደረግኩ?»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ያሉኝ «ሂድና ለእሱ ንገረው» ብቻ ነው።

እሱ ዛሬ ከሜክሲኮ ጀሞ የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ነው። ጠብቄ ጋቢና ገባሁ። ገና ከመነሳታችን ነገርኩት። ሳር ቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

«አውቃለሁ። ስትወረውር አይቼሃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገርስ ማን ያምነኛል? የተያዝኩት እኔ ነኝ።» መካኒሳን ካለፍን በኋላ ደግሞ «ይልቅ ያ ፊልም እንዴት አለቀ? ከዚያ በኋላ አባቴ ቪዲዮ ቤት አላስገባኝም» አለኝ።

አልነገርኩትም። እሁድ እጮኛዬ ቤት ጠራሁት። ሦስታችን ሆነን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። የቸኮሌቱን ደም ስነግራቸው ሳቁ፤ በሩ ሲሰነጠቅ ዝም አሉ። ጥይቱ ሲተኮስ ጓደኛዬ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አክተሩም ይሞታል እንዴ?» አለ። ቆይቶም «ስሙን ቢጠይቁት ምን ነበረበት?»

እጮኛዬ ስለ እጅ ሰዓት አልጠየቀችም። ቡናውን ደግማ አፈላች።

እንግዲህ ምክር ቢጤ

ወላጆች ሆይ! «አስፈሪ ፊልም ልጅ ያበላሻል» ስትሉ እሰማለሁ። ለሕፃን በፍጹም አታሳዩ፤ በዚህ እስማማለሁ። አድገው የሚያዩት ከሆነ ግን አብራችሁ ቁጭ በሉ። ደሙ ቸኮሌት መሆኑን ንገሯቸው። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ «ጭራቁ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እኛን ያበላሸን ፊልሙ አይደለም። ፊልሙንማ ግማሹን ብቻ ነው ያየነው፤ መጨረሻውን ብናየው ኖሮ ምናልባት ያስተምረን ነበር። ያበላሸን በየቤታችን በቡና ላይ ስንሰማው ያደግነው ሐሜት ነው።

ፊልም ልሥራ ለምትሉ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። 45 ፓውንድ ከበቃ የእናንተ ስልክ ይበቃል። ዱቄቱም ሞልቷል፤ ሊፈርስ የተቃረበ ቤትም አይጠፋም። ተረታችንንም ውሰዱት። ብቻ አደራችሁን፣ ሸክላ ሠሪዋን ጭራቅ አታድርጉብን። እሱን ፊልም ያለ ካሜራ ብዙ ዘመን ሠርተነዋል።

እኔም ባለፈው ወር ከእትዬ ጀበና ገዛሁ። ዛሬም በራቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ይሸጣሉ። ዋጋ አልተከራከርኩም። ገንዘቡን ስሰጣቸው «ይኼኛውን ደግሞ እንዳትሰብረው» አሉኝ። ሳቅ ይሁን ቁጣ ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ። ቸር እንሰንብት!